የ7 ዓመት ልጄን የጥርስ ራጅ ላስነሳት ወይስ ይቅር? (ደሴ)

የቧንቧ ውሃዋ እናት፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ነገሩ ትልቅ አይደለም፤ ግን ቤቴን ለሁለት ከፍሎታል።

ልጄ 7 ዓመቷ ነው፤ አንደኛ ክፍል ናት። ሦስት ሳምንት ይሆናታል፣ በስተቀኝ የታች መንጋጋዋን ያማታል። ቀን ስትጫወት ትውላለች፤ ምንም አትልም። ከረሜላ ስትበላ ወይ ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ "እማ ጠዘጠዘኝ" ትላለች። ሌሊት ደግሞ ሁለቴ እያለቀሰች ቀሰቀሰችኝ። አማቴ ቅርንፉድ በጥጥ አድርገው አስነከሷት። ትንሽ አስታገሰላትና መልሶ መጣ።

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ልጅ ማባበል ትችላለች። በመስታወት አየቻት፣ አየር ነፋችበት፣ በቀጭን ብረት ቀስ እያለች ነካካችው። ከዚያ "ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። በሁለቱ መንጋጋዎች መሀል ግን ጠቆር ያለ ጥላ አለ። ራጅ ሳላይ ልሙላውም ልንቀለውም አልችልም" አለችኝ። ሁለት ትንንሽ ፎቶ፣ አንድ በቀኝ አንድ በግራ። እኔም "አባቷን ላማክር" ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነው የወጣሁት።

አባቷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ ማታ ማታ ይመጣል። ስነግረው "አንቺ እንደመሰለሽ" አለኝ። ያገባችሁ ይህችን መልስ ታውቋታላችሁ። አማቴ ግን ተነስተው ቆሙ። "ለአንድ ፍሬ ልጅ ጨረር? ያውም ጭንቅላቷ ላይ? የወተት ጥርስ አይደል እንዴ፣ ራሱ ይወልቅ የለ!" አሉ። እውነት የፊት አራቱ ወልቀው ጣሪያ ላይ ወርውረናቸዋል። መንጋጋውም እንደዚያው የሚወድቅ ከሆነ ለምን እንቸገራለን?

ሌላም አለ። እኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ልጅቷ ደግሞ ያለ እኔ የትም አትገባም። እጇን ይዤ ራጅ ክፍል ብገባ ለሆዴ ልጅ ምን ይሆናል? ደግሞ አፏ ውስጥ ምንም ነገር ሲገባ ያስመልሳታል፤ ጉሮሮዋን በማንኪያ ያየች ነርስ ላይ አስመልሳባታለች።

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። ማስፈራራት አያስፈልገኝም፤ እሱን ቤት ውስጥ አላጣሁም።

ሸዋ በር፦

አትጨነቂ እህቴ። የወተት ጥርስ ነው፤ አስነቅያትና ገላግያት። የእኔን ልጅ በ6 ዓመቱ ሁለት መንጋጋ አስነቀልኩለት፤ ይኸው አድጎ ሥጋ ይቆረጥማል። ራጅ ምናምን የክሊኒኮች ገቢ ማሳደጊያ ነው።

ጨለማ ክፍል፦

እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ።

እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ራጅ ክፍል ውስጥ ነው ያረጀሁት። ደሴ ሠርቻለሁ፣ አሁን ኮምቦልቻ ነኝ። የጥርስ ሐኪም አይደለሁም፤ ፎቶውን የማነሳው ሰው ነኝ። ስሜን ጨለማ ክፍል ያልኩትም ለዚህ ነው። ድሮ ፊልም የሚታጠበው ጨለማ ውስጥ በደብዛዛ ቀይ መብራት ነበር። የጥርሷ ፊልም የክብሪት ቀፎ የምታህል ናት። በመቆንጠጫ ይዘሽ አንዱ ፈሳሽ ውስጥ ትነክሪያታለሽ፣ ታለቀልቂያታለሽ፣ ሌላው ውስጥ ትነክሪያታለሽ። ያ ሁለተኛው ፈሳሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ "ዛሬም ሰላጣ ስትሠራ ዋልክ?" ትለኝ ነበር። አሁን ብዙ ቦታ ዲጂታል ገብቶ ያ ሽታ ቀርቷል። ለልጅሽም ጥሩ ነው፤ ዲጂታሉ ከድሮው ፊልም ያነሰ ጨረር ነው የሚፈልገው።

ስለ ጨረሩ ልንገርሽ። ሰው ጨረር ሲባል ከማሽን ብቻ የሚወጣ ይመስለዋል። ከመሬቱ፣ ከድንጋዩ፣ ከምንተነፍሰው አየር፣ ከሰማይም ሁልጊዜ ይደርሰናል። የጨረር መለኪያው ሲቨርት ይባላል፤ አንድ ሚሊሲቨርት አንድ ሺህ ማይክሮሲቨርት ነው። የዓለም ሕዝብ አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን ከ6 እስከ 7 ማይክሮሲቨርት ይመጣል። ሐኪሟ የጠየቀችሽ ዓይነት ሁለት ትንንሽ ፎቶ በዲጂታል ከተነሳ ጥቂት ማይክሮሲቨርት ነው። የአንድ ቀን፣ ቢበዛ የሁለት ቀን የተፈጥሮ ጨረር በይው። ፊት ዙሪያውን እየዞረ ሙሉ መንጋጋውን የሚያነሳው ፓኖራሚክ የሚባለው ከ10 እስከ 25 ማይክሮሲቨርት ይደርሳል።

አማትሽ "ያውም ጭንቅላቷ ላይ" ካሉ ይህን ንገሪያቸው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከሰማይ የሚመጣውን ጨረር የሚከላከልልን አየር ነው፤ ከፍ ባልሽ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ስለዚህ ጦሳ ተራራ ሥር የምታድግ የደሴ ልጅ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከምታድግ ልጅ የበለጠ የሰማይ ጨረር ታገኛለች። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትገቢ እንኳ ትንሽ ይቀንሳል። ግን ለዚህ ብሎ ከደሴ የተሰደደ ሰው አላየሁም። ብርዱ ያሰደደው አለ።

ይህን ስል ግን ጨረር ጨዋታ ነው እያልኩ አይደለም። ልጅ ከአዋቂ ይልቅ ለጨረር ስስ ነው። ሴሎቹ ገና እየተባዙ ነው፤ ከፊቱም ረጅም ዕድሜ አለ። አንገት ላይ ያለው እንቅርት የሚወጣበት ዕጢም ለጥርስ ቅርብ ነው። ስለዚህ ያለ ምክንያት አንድም ፎቶ አይነሳም። እኔ ምክንያት የሌለው ወረቀት ሲመጣልኝ ወደ ሐኪሙ መልሼ ልኬ አውቃለሁ። ተጣልተንም እናውቃለን።

ታዲያ ምክንያት አለ ወይ? ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ፎቶው ካሳየሽ በኋላ የምታደርጊው ምን ይለወጣል? "ምንም" ካለች ይቅር። የአንቺዋ ሐኪም ግን ሳትጠየቅ መልሳልሻለች። መጀመሪያ አይታለች፣ ከዚያ መሙላትና መንቀልን መለየት አልቻልኩም ብላለች። ሕመምተኛውን ሳታይ "ራጅ ተነስታችሁ ኑ" ከምትል ሐኪም ጋር አንድ አይደለችም።

ዓይን ለምን አይበቃም? የወተት መንጋጋዎች ጎን ለጎን ተጣብቀው ነው የሚቆሙት። ሁለት የጭቃ ግድግዳ ተጠጋግተው ሲሠሩ አስቢ፤ መሀል ያለውን ምስጥ ማን ያየዋል? የወተት ጥርስ ቆዳ፣ ያ ነጩ ጠንካራው፣ ከአዋቂው ግማሽ ያህል ነው ውፍረቱ። ነርቩ ደግሞ ትልቅና ቅርብ ነው። ስለዚህ ከላይ ምንም ሳይታይ ውስጥ ለውስጥ ቶሎ ይደርሳል። በራጅ ላይ ጤነኛው ነጭ ሆኖ ይታያል፣ የተበላው ይጠቁራል። ራጅም ቢሆን ሁሉን አያይም። ገና ሲጀምር ያለውን አያሳይም፤ ደህና አድርጎ ማዕድኑ ከጠፋ በኋላ ነው የሚታየው።

አሁን ወደ ሸዋ በር። ወንድሜ፣ ልጅህ ሥጋ ይቆርጥም፣ አላህ ይጨምርለት። ግን የፊት ጥርስና መንጋጋ አንድ አይደሉም። የፊቱ ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ይወልቃል። የወተት መንጋጋ ግን እስከ 10፣ እስከ 12 ዓመት ሥራ ላይ ነው። ይህች ልጅ 7 ዓመቷ ነው፤ ገና ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ታኝክበታለች። በዚያ ላይ በ6 ዓመት አካባቢ ከሁሉም ኋላ አዲስ መንጋጋ ይወጣል። እሱ ቋሚ ነው፤ ዕድሜ ልክ የሚኖር። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚበቅል ወላጅ የወተት ይመስለዋል። ከፊቱ ያለው መንጋጋ ያለ ዕድሜው ሲነቀል ይህ ቋሚው ወደ ፊት ይንሸራተትና የሌላውን ቦታ ይይዛል። ሚኒባስ ውስጥ አንዱ ለአፍታ ተነስቶ ሲመለስ ወንበሩ እንደሚያዝበት ማለት ነው። በኋላ የሚመጣው ቋሚ ጥርስ ቦታ አጥቶ ጠማማ ይወጣል ወይ እዚያው ይቀራል። መነቀል ካለበት ይነቀላል፤ ሐኪሟ ቦታው በሌላ ጥርስ እንዳይያዝ ቦታ መያዣ ልታደርግላት ትችላለች። መንቀል ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፣ ሳያዩ መንቀል ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህችን ከሥራዬ ስለማውቃት ነው። የወተት መንጋጋው ሥር መግል ከያዘ ከታች ተኝቶ የሚጠብቀውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሸው ይችላል። ሲወጣ ቡናማ፣ ሸካራ፣ ጎደሎ ሆኖ ይወጣል። እዚህ አገር ደግሞ ከዚህ የባሰ አይቻለሁ። ሕፃናት ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዛቸው ድዳቸውን አይተው "ግግ ነው" ብለው የሚያስወጡ አሉ። ያ ነጭ እብጠት ገና ያልወጣው የወተት ክራንቻ ነው። ተቅማጡ ሌላ ምክንያት አለው። ሰው አድጎ በ20 ዓመቱ ራጅ ሲነሳ ክራንቻ ሊኖርበት በሚገባ ቦታ ላይ ባዶ ወይ የተጨመደደ ነገር ታያለሽ። ያኔ ከሥሩ የነበረው የቋሚው ፍሬም አብሮ ተነካክቷል። እኔ እንደዚህ ያለ ፎቶ ሳይ ዝም ብዬ "የት ነው ያደግኸው?" እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱን አውቀዋለሁ።

አሁን ያንቺን ጉዳይ። ነፍሰ ጡር ነሽ፤ ክፍሉ ውስጥ አትግቢ። ጨረሩ ትንሽ ነው፣ ወደ ልጅቷ ነው የሚያነጣጥረው፤ ሆድሽ ላይ የሚደርሰው ከምንም አይቆጠርም። ቢሆንም የማያስፈልግ ነገር ለምን? ሌላ ሰው አለ። ልጅቷ ብቻዋን መቀመጥ ከቻለች ማንም አይግባ። የግድ የሚይዛት ካስፈለገ ነፍሰ ጡር ያልሆነ ዘመድ ሽርጥ ለብሶ ይግባ። እኔ አማትሽን ነው የምመርጠው። ነገሩን በዓይናቸው ያዩታል፣ ክርክሩም ያልቃል።

ሽርጥ ስል፣ ያ ከባዱ የእርሳስ ሽርጥ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2024 ለታካሚው ሽርጡና የአንገት መከለያው ለጥርስ ራጅ ከእንግዲህ አያስፈልግም ብሏል። አሁን ጨረሩ ጠባብ ሆኖ ስለሚያነጣጥር ነው፤ የአንገቱ ደግሞ አንዳንዴ ፎቶውን ይጋርድና ድጋሚ ያስነሳል። ድጋሚ መነሳት እጥፍ ጨረር ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ቦታ አሁንም ያለብሳሉ። ካለበሷት ተዪ፣ ካላለበሷት አትጣዪ። ከሽርጡ ይልቅ ይህን ጠይቂ፦ "ማሽኑን በልጅ አድርጋችሁታል?" ለልጅ የሚሰጠው ጊዜ ከአዋቂው ያጠረ ነው። ብዙ ማሽን ላይ የልጅ ሥዕል ያለበት ቁልፍ አለ፤ እሱን መጫን የሚረሳ ባለሙያ ግን ሞልቷል። እኔም ረስቼ አውቃለሁ።

ማስመለሱን በተመለከተ ቤት አለማምጃት። ወፍራም ካርቶን በክብሪት ቀፎ ልክ ቁረጪ፣ ጠርዙን አለስልሺው፣ በንጹሕ ፌስታል ጠቅልለሽ በመንጋጋዋ ትንከሰው። መጀመሪያ እስከ አምስት ትቁጠሪ፣ ነገ እስከ አሥር። በአፍንጫዋ ትተንፍስ። የእግር ጣቶቿን ታወዛውዝ፤ ልቧ ወደዚያ ይሄዳል። ክሊኒክ ስትደርሱ ደግሞ ምላሷ ጫፍ ላይ ጨው ትንሽ ነስንሺላት። ብዙ ልጅ ላይ ሠርቶልኛል። ለልጅ የሚሆን ትንሽ ሴንሰር (አፍ ውስጥ የሚገባው የዲጂታሉ ፎቶ መቀበያ) ወይ ፊልም ካላቸውም ይጠቀሙ፤ የአዋቂው ሲገባ ነው ጉሮሮዋን የሚቧጥጣት።

አይዞሽ፣ መነሳቱ ራሱ ከሰከንድ በታች ነው። የመጀመሪያውን የጥርስ ራጅ ያነሳው ጀርመናዊ፣ ዋልክሆፍ የሚባል፣ በገዛ አፉ ነው የሞከረው። ጥር 1896 እንደ ፈረንጆች፤ ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ወደ አድዋ በዘመቱበት ሰሞን። መስታወት አፉ ውስጥ ጎርሶ 25 ደቂቃ ተኝቶ ጠበቀ። ልጅሽ ያንን ብትሰማ ትስቃለች።

የሐረጎ መንገደኛ፦

ጋሽ ጨለማ እውነት ብለዋል፤ ግን እኔም የተቃጠልኩ ነኝና ልናገር። ሹፌር ነኝ፤ ደሴ ኮምቦልቻ ነው የምመላለሰው። ልጄን አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት፣ ስሙ ይቅር። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስቴ ያንን የሚዞረውን ትልቁን ራጅ አነሱት። ሦስቴም ሐኪሙ ከማየቱ በፊት። ካርድ አወጣን፣ ራጅ ተነሳን፣ ከዚያ ነው ሐኪሙ ዘንድ የገባነው። ፎቶውን ስጡኝ ስል "ኮምፒውተር ውስጥ ነው" አሉኝ። ሌላ ቦታ ብወስደው እዚያም እንደ አዲስ አነሱት። ታዲያ ሸዋ በር "ገቢ ማሳደጊያ" ቢል ከመሬት ተነስቶ ነው?

ጨለማ ክፍል፦

አይደለም። ያደረጉብህ ልክ አይደለም። ሐኪም አይቶ ነው ራጅ የሚታዘዘው፤ ካርድ ክፍል አያዝም። ለልጅ የመሀል መበላትን ለማየት ደግሞ ትንንሾቹ ናቸው የሚሻሉት፤ ትልቁ ያን ያህል አጥርቶ አያሳይም። ትልቁ የሚጠቅመው ያልወጡ ጥርሶች፣ የጎደለ፣ የተደራረበ፣ መንጋጋ የተሰበረ እንደሆነ ነው። ድግግሞሹን ካልክ፣ ጥርሱ የሚበላበት ልጅ ከ6 እስከ 12 ወር፣ ደህና የሆነው ደግሞ ከዓመት እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል። እሱም አስፈላጊ ከሆነ።

ሁልጊዜ ፎቶውን ጠይቁ። "ኮምፒውተር ውስጥ ነው" ካሉ በስልካችሁ ከስክሪኑ ላይ አንሱት። ጥራቱ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ሌላው ሐኪም ምን እንደነበር ያያል። ቀኑም አብሮ ይታይ።

የቦርከና ማዶ፦

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። የእኔ የ9 ዓመቱ ልጅ ከብስክሌት ወድቆ የፊት ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ቋሚው ነው። ጎረቤት "ወተት ውስጥ ክተቺው" አለችኝና በወተት ይዤ ሮጥኩ። ሐኪሙ መልሶ ተከለው፣ ራጅም ወዲያው አነሳው፤ አጥንቱ ተሰብሮ እንደሆነ ለማየት። እዚያ ላይ ላስነሳ አላስነሳ የሚባል ክርክር የለም። ሐኪሙ ሥሩን አትንኩ፣ አትፈትጉ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድረሱ ነው ያለኝ። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን ተመልሶ አይተከልም አለኝ። ለሌሎች እናቶች ይጠቅም ብዬ ነው።

የቧንቧ ውሃዋ እናት፦

ተመልሻለሁ። ዘጠኝ ቀን ሆነ አይደል? ይቅርታ፣ ቤት ውስጥ ጉድ ነበር።

ጋሽ ጨለማ፣ የጻፉትን ለአማቴ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። የጅቡቲው ላይ ሲደርስ "ታዲያ ጅቡቲ እንሂድ?" አሉና ሳቁ። ሲስቁ ግማሹ አለቀ። ካርቶኑን ልጅቷ ወደደችው። ሦስት ቀን ሙሉ "እስከ ሃያ ቁጠሪልኝ" እያለች አስቸገረችኝ። ለአሻንጉሊቷም አንድ ቆረጥንላት።

ማክሰኞ ሄድን። አማቴ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንደ ለቅሶ ቤት ተዘጋጅተው መጡ። "እኔ ነኝ የምይዛት" አሉ። ሽርጡን አለበሷቸው፤ ክብደቱ ወገባቸውን ሊያጎብጠው ነበር። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ወጣች፣ ዞር ብላ አየቻቸውና "እማማ አንቺ ውጪ ቁጠሪ" አለቻቸው። ባለሙያው ሳቁን ያዘው። ሁላችንም በር ላይ ቀረን። እኔ "ማሽኑ በልጅ ነው?" ብዬ ጠየቅኩት፤ ትንሽ አፍጥጦ አየኝና "ነው" አለ። ጨውም አስነሰነስኩላት። አንደኛው ላይ ትንሽ ተናነቃት፤ ሁለተኛው ላይ ምንም አላለች። እንደ ወጣች የጠየቀችው "አልቋል?" ብቻ ነው።

ሐኪሟ ፎቶውን ትልቅ አድርጋ አሳየችን። በቀኝ ሁለቱ መንጋጋዎች በሚነካኩበት ቦታ ሁለቱም ተበልተዋል። ኋለኛው ነርቡ ጋ ደርሷል፤ የፊተኛው ገና ነው። በግራ ደግሞ ጭራሽ የማያማት ቦታ ላይ ትንሽ ጥላ አለ። እኔ አንድ ጥርስ ብዬ የሄድኩ ሦስት ይዤ ተመለስኩ። የኋለኛውን የታመመውን ነርብ አወጣችለትና የብረት ሽፋን አደረገችለት፤ ልጅቷ "የብር ጥርስ አለኝ" እያለች ለሰፈሩ ሁሉ አፏን ትከፍታለች። የፊተኛውን ሞላችው። የግራውን ለጊዜው አልነካውም አለች። ፍሎራይድ ቀባችላትና ለስድስት ወር ቀጠረችን፤ ከባሰ ያኔ ይታያል። ማታ የምትጠጣውን በስኳር የተሞላ ሻይ አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ። እዚያ ላይ መልስ አጣሁ። ሻዩን የሚሰጧት ማን እንደሆኑ ለመናገር ቀና ስል አማቴ ግድግዳውን ያያሉ።

ያ ያሉት የስድስት ዓመት መንጋጋም አለ። ኋላ ወጥቶ ተቀምጧል። እኔ የወተት መስሎኝ ብሩሹን እዚያ ድረስ አስገብቼላት አላውቅም።

አማቴን ግን ያስደነቃቸው ሌላ ነው። ሐኪሟ ከወተት መንጋጋው ሥር የተኛውን ነጭ ነገር በጣቷ አሳየቻቸው። "ይህ ነው የሚመጣው ጥርስ። አሁን ቡቃያ ነው" አለቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አዩ። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሙሉ መንገድ ዝም አሉ። ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም።

ማታ ባለቤቴ ሲመጣ ፎቶውን በስልኬ አሳየሁት። በቀኝ በኩል ከላይ ክራንቻ የለውም፤ ሁልጊዜ "ሲፈጥረኝ ነው" ነበር የሚለኝ። እኔ የእርስዎን ጽሑፍ ካነበብኩ ጀምሮ አፌ ላይ ነበር፤ ግን በአማቴ ፊት እንዴት ብዬ ልጠይቅ? እሳቸው ራሳቸው አነሱት። ቡናው ሁለተኛ ላይ ነበር። "አንተ ተቅማጥ ይዞህ ልትሞት ነበር። የዚያን ጊዜ እኛ አገር ሐኪም የት ነበረ? አውቃለሁ የምትል ሴት ግግ ነው ብላ አወጣችልህ። ድነሃል፤ እኔ በእሱ የዳንክ መስሎኝ ነው የኖርኩት" አሉት። እሱም ምን እንደሚል አያውቅም፤ ክራንቻው ባዶ ቦታ ላይ ምላሱን ያንከላውሳል። ከዚያ ወደ ሆዴ እያዩ "የዚህን ድድ ማንም አይነካውም" አሉ። እኔን የሚያስጠነቅቁኝ ነው የሚመስሉት፣ ነኪዋ እኔ የሆንኩ ይመስል።

ባለቤቴ አሁን እሱም ራጅ ልነሳ ይላል። ማየት ፈልጎ ነው። ጋሽ ጨለማ፣ ለማየት ብቻ ይነሳል እንዴ? ደግሞ የልጅቷ ቀጠሮ ስድስት ወር ነው፤ ያኔ ወልጄ እሆናለሁ። እኔ ገብቼ እጇን መያዝ እችላለሁ አይደል?

ጨለማ ክፍል፦

የባለቤትሽ፦ ለማየት ብቻ አይነሳም። ክፍተቱን ሊያስሞላ ወይ ሊያስተክል ካሰበ ሐኪም ይየውና ያዝዝለታል። እስከዚያ በምላሱ ይጫወት።

የአንቺ፦ ከወለድሽ በኋላ ትችያለሽ። ግን ከነገርሽኝ አንጻር ልጅቷ የምታስገባሽ አይመስለኝም።

አማትሽን ሰላም በይልኝ። ሽርጡ ወገባቸውን አሟቸው እንደሆነ ስምንት ኪሎ አይሞላም በያቸው፤ እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ለብሼዋለሁ።